ወባ ነው በላቸው

ታከለ የደወለው ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። የምንከባከባቸውን አሮጊት፣ ሐጋ ሰሚራን፣ ገላቸውን አጥቤ ፀጉራቸውን እያበጠርኩ ስለነበር መጀመሪያ አላነሣሁትም። ደግሞ ሲደውል ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል ያዝኩት።

"ከፍያለች፣ ዋሲሁን ገባ?" አለኝ።

ማበጠሪያውን አስቀመጥኩ።

ዋሲሁን ባሌ ነበር። ከሞተ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ይህን ከታከለ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሆስፒታል ያደረሰው እሱ ነው፤ ሬሳውን የተረከበውም እሱ ነው።

"ታከለ፣ የት ነህ?"

"ጣራ ላይ። ፀሐይ እየሞቅኩ። ብርዱ ግን አልለቅ አለኝ። ዋሲሁን ሲገባ ቁልፉን እንዳይረሳ በዪው።"

"ያተኩስሃል?"

ሳቀ። "ወባ ናት እንጂ ሌላ ምን ትሆናለች? እኔን ታውቀኛለች፣ ምንም አታደርገኝም።" ከዚያ ያልገባኝን ነገር አጉተመተመና ስልኩ ተዘጋ።

ታከለ ሐዳይቅ አል-መዓዲ እኛ በምንኖርበት ሕንፃ ጣራ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራል። ሥራው ልብስ ተኳሽነት ነው። ከባሌ ጋር መተማ አብረው አድገዋል። የእናቱን መርዶ ሰምቶ፣ መንገዱ ሰላም የሆነበትን ቀን ጠብቆ አገር ቤት ሄዶ ነበር፤ ከተመለሰ ዐሥራ ሦስት ቀኑ ነው።

እኔ ባሕር ዳር ባዮሎጂ ተምሬ ሦስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ወባ ከልጅነቱ ጀምሮ በየዓመቱ የሚይዘው ሰው ሰውነቱ እየተማረ ይሄዳል፤ ይታመማል፣ ግን ብዙውን ጊዜ አይጠናበትም። ይህ ትምህርት የዕድሜ ልክ አይደለም። ወባ የሌለበት አገር ጥቂት ዓመታት የኖረ ሰው ቀስ በቀስ ያጣዋል። ታከለ ካይሮ ከገባ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ወባ ታውቀው ይሆናል፤ ሰውነቱ ግን እሷን ረስቷታል። ትኩሳት ያለበት ሰው መዘባረቅ ከጀመረ ደግሞ ነገሩ በቀናት ሳይሆን በሰዓታት ነው የሚቆጠረው። ይህን ሁሉ ዋሲሁን በሞተ ጊዜም አውቀው ነበር።

ከኒው ካይሮ እስከ ቤታችን በማይክሮባስና በሜትሮ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሐጋ ሰሚራ ብቻቸውን አይተዉም፤ ልጃቸው ጋ ደውዬ ለመንኳት፤ "ከስድስት ሰዓት በፊት አልደርስም፣ ማሌሽ" አለችኝ። ሕንፃው ውስጥ ዓረብኛ እንደ ውኃ የሚፈስላት፣ አሁኑኑ ደረጃ ልትወጣ የምትችል አንድ ሰው ብቻ ነበረች። ልጄ ዮዲት። ሃያ ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ አድጋ ንግድ ፋኩልቲ ትማራለች።

"ዮዲ፣ መጽሐፍሽን ዝጊና ጣራ ላይ ውጪ። ታከለ ታሟል።"

"ታዲያ ፋርማሲው ታች አይደል?"

"ይዘባርቃል። ወባ ነው። አሁኑኑ ሐሚያት መድረስ አለበት።" ሐሚያት እዚህ የትኩሳት በሽታ ሆስፒታል መጠሪያ ነው።

"ማማ፣ ነገ ፈተና አለኝ።"

"አውቃለሁ።"

"በዋቡን ንገሪው፣ ያውርደው። ያ ሁሉ ሐበሻ እያለ እኔ?" በዋቡ የሕንፃው ዘበኛ ነው።

"በዋቡ ያወርደዋል፤ ሐኪሞቹን ግን አያስረዳም። አምና ግብፅ ከወባ ነፃ ናት ተብሎ ወረቀት ተሰጥቷታል፣ ማንም ወባ ብሎ አያስብም። ከኢትዮጵያ ከመጣ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው በያቸው። ማላርያ በይ። ወባ እንዳትዪ።"

"እኔ ታከለ ነኝ እንዴ ወባ የምለው?"

ማበጠሪያውን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

"አባዬን ለገደለ ሰው አስተርጓሚ አልሆንም" አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ስትቆጣ ድምፅ ዝቅ ማድረጉን ከእኔ ነው የወረሰችው። "ኸላስ፣ ማማ። ሌላ ሰው ፈልጊ።"

ዮዲት የምታውቀው ታሪክ ሁሉም ሐበሻ የሚያውቀው ታሪክ ነው። ዋሲሁን ሱዳን፣ ገዳሪፍ የስደተኞች ካምፕ የገባ ወንድሙን ሊያይ ሄዶ በተመለሰ በዐሥረኛው ቀን አተኮሰው። ጊዜው የኮሮና ሁለተኛ ዙር ነበር። ታከለ ደግፎ በቅርብ ወደሚገኝ ሆስፒታል ወሰደው። የበሩ ሐኪም "ምን ሆነ?" ሲለው "ወባ አለበት" አለ፤ "ዓንዱ ወባ"። በእነሱ አፍ ወባ ማለት ወረርሽኝ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ወረርሽኝ የሚባል አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዋሲሁንን የኮሮና ክፍል አስገብተው ኦክስጅን አደረጉለት፤ ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን ደሙን በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው ተገኘ። በአራተኛው ቀን ሞተ።

ለቅሶው ላይ ታከለ እንዴት እንደነበር ሲተርክ፣ ስደተኞች ቢሮ የሚያስተረጉመው ሙላው ጭኑን መታ። "አንተ! ወባ በነሱ ወረርሽኝ ማለት ነው እኮ! ኮሮና አለበት ነው ያልካቸው!" አለ። ታከለ ቀና ብሎ ወደ እኔ አየ። ነጠላዬ ፊቴ ላይ ነበር። "አላወቅኩም" አለ፤ "ደንግጬ ነው"። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ "ወባው" ሆኖ ቀረ። ሰው በፊቱም ይጠራዋል፤ እሱም አቤት ይላል። ዮዲት "ጋሼ" ማለት ተወች። ለበዓል ልብሷን ተኩሶ በራችን ላይ ሲያንጠለጥልላት፣ እንደገና አጥባ በራሷ እጅ ትተኩሰው ነበር። እኔ አይቼ አላየሁም።

አሁን ስልኩ ውስጥ የመጽሐፏ ገጽ ሲገለጥ ሰማሁ።

"ዮዲት" አልኳት። በሙሉ ስሟ የምጠራት ከስንት አንዴ ነው። "ወባ ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ምን?"

"ታከለ ከሆስፒታሉ በር ላይ ደወለልኝ። 'ምን ልበላቸው?' አለኝ። 'ወባ ነው በላቸው' አልኩት። እንዳልኩት አላቸው። ቃሉ የኔ ነው።"

የመጽሐፏ ገጽ መገለጡን አቆመ።

"ያን ጊዜ የምሠራላት እመቤት 'ኮሮና ይዘሽ ትመጫለሽ፣ ከወጣሽ አትመለሺም' ብላኝ በሩ ተቆልፎብኝ ነበር። ማላርያ የሚለውን ቃል እንደ ስሜ አውቀዋለሁ፤ ልጆች አስተምሬበታለሁ። ስደነግጥ አፌ ላይ የመጣልኝ እናቴ የምትለው ቃል ሆነ። ለቅሶው ላይ ታከለ ሲሰደብ ዝም አልኩ። አምስት ዓመት ዝም አልኩ።"

ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

መልሼ ደወልኩ፤ አታነሣም። ታከለ ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሣም። ሐጋ ሰሚራ "ሻይ፣ ያ ቢንቲ" አሉኝ፤ አፈላሁ። ስኳር ሁለት ጊዜ ጨምሬበት ኖሮ ቀምሰው ፊቴን አዩ፤ ጠጡት። ሌሎች ሁለት ሰዎች ሞከርኩ። ጎረቤታችን ማቲያስ ሥራ ላይ ነበር፤ የበዋቡ ስልክ ዝግ ነው። የግድግዳው ሰዓት ሃምሳ ደቂቃ ቆጠረ። አባቷን በአንድ ቃል የገደልኩ እናቷ፣ ሰውዬውን እንድታድንልኝ በስልክ እያዘዝኳት ነው። ብትሄድም ባትሄድም እፈርድባት ዘንድ አፍ አልነበረኝም።

ለአምስት ሰዓት ተኩል ጥቂት ሲቀረው ስልኬ ጮኸ።

"ማማ፣ ፉል ይበላል?"

"የት ነሽ?"

"ሐሚያት ነኝ። ደሙን ወስደዋል፣ መርፌ ጀምረውለታል። ዶክተሯ ሽንቱን አየችና ፉል ይበላል ወይ አለችኝ። ታሾፍብኛለች?"

ቁርስ ሁሉ ፉል በሆነበት ከተማ ታከለ ፉል እንደማይነካ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል። ዋሲሁን "ፉል የማይበላ ሰው ካይሮ ምን ይሠራል? ውኃ የሚፈራ ዓሣ!" እያለ ይቀልድበት ነበር። ታከለም ይተርክ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ደጋ ላይ ዘመድ ጥየቃ ሄደው የባቄላ እሸት ጠግቦ በላ፤ በማግሥቱ ዐይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቱ የቡና አተላ መሰለ። እናቱ "የባቄላው ባለቤት ዐይኑ በልቶብኛል" ብላ ደብተራ ቤት ወሰደችው። እኔም ስሰማ ከሌሎቹ ጋር ስቄያለሁ። ባዮሎጂ ተምሬ ስቄያለሁ።

"አይበላም" አልኳት። "በፍጹም አይበላም በያት። በልጅነቱ ባቄላ በልቶ ሽንቱ ጠቁሮ ነበር። አሁኑኑ ንገሪያት፣ ዮዲ። የሚቀጥለውን መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት።"

ስልኩን ሳትዘጋ በዓረብኛ ስትናገር ሰማኋት፤ ፈጣን፣ ጥርት ያለ። ሌላ ሴት ድምፅ "አኒሚያ አል-ፉል" አለች። በግብፅ ሰው አፍ በሽታው የባቄላ ደም ማነስ ነው። ከዚያ ዮዲት ተመለሰች።

"ልትሰጠው የነበረውን ክኒን አቆይታዋለች" አለች። "ለማንኛውም ይመርመር አለች።" ቀጥላም "ጋሼ ታከለ አባዬን እየጠራ ነው" አለችና ዘጋችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ዮዲት ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የታከለን ጫማ ጉልበቷ ላይ ይዛለች። አየችኝና ዐይኗን ወደ ጫማው መለሰች። አጠገቧ ልቀመጥ ወይስ ልቁም ስል፣ ዶክተር ኢማን የምትባል ወጣት ሐኪም መጣች። ዮዲት እናቷ ባዮሎጂ መማሯን ነግራት ኖሮ ወረቀት አውጥታ እየሣለች አስረዳችኝ።

ደሙ ውስጥ ሁለት ዓይነት የወባ ተሐዋሲ አለ። አንዱ ገዳዩ ነው፤ መርፌው ለሱ ነው። ሌላው ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ የሚመለሰው ነው፤ እሱን የሚያጠፋው ክኒን እንደ ታከለ ያለውን ሰው ቀይ ደም ያፈነዳዋል። የታከለ ቀይ ደም ራሱን የሚጠብቅበት አንድ ኢንዛይም ይጎድለዋል። ባቄላውም ያን ጊዜ የጎዳው በዚህ ነው።

"በዘር የሚመጣ ነው" አለች። "ወንድ ልጅ ከእናቱ ነው የሚወርሰው። እናቱ አሉ?"

"ሞተዋል። ለልቅሷቸው ሄዶ ነው የተመለሰው።"

"አላህ ይርሐምሃ።" እስክሪብቶዋን ከፈተችና መልሳ ከደነች። "ወባ በኖረበት አገር ይህ ጉድለት የሚበዛው ያለ ምክንያት አይደለም ይባላል። ተሐዋሲው በእንዲህ ያለ ደም እንደ ልቡ አይራባም። አንጎልን ከከባዱ ወባ ይጠብቃል የሚሉ ጥናቶች አሉ። አንጎሉን ጠብቆ በምትኩ ደምን ይጎዳል የሚሉም አሉ። ያዕኒ፣ ስጦታው ዕዳ አለበት።"

ልጠይቃት አልፈለግሁም ነበር። ዮዲት እየሰማች ነው። ግን ሌላ ጊዜ እንደማልጠይቅ አውቄ ጠየቅሁ።

"ሌላ ሰው ነበር" አልኳት። "ከታከለ ጋር እዚያው ቆላ ያደገ። ወላጆቹ ግን ከደባርቅ የወረዱ ደገኞች ናቸው። እሱም እዚህ ዐሥራ ስድስት ዓመት ከኖረ በኋላ ያዘው። ሁለት ቀን መድኃኒት ሳያገኝ ቆየ። ሞተ። የገደለው ሁለቱ ቀን ነው?"

ዶክተር ኢማን ወዲያው አልመለሰችም። ስለዚህ አመንኳት።

"ሁለት ቀን ብዙ ነው" አለች። "በጊዜው መርፌውን ቢያገኝ የመዳን ዕድሉ የተሻለ ነበር፤ ይህን ልዋሽሽ አልችልም። ግን አንድ ዓይነት ትንኝ ነክሷቸው፣ አንድ ቀን ሐኪም ዘንድ መጥተው አንዱ የሚተርፍ አንዱ የሚሞት አለ። የያንዳንዱ ደም ከአያት ከቅድመ አያት ያመጣው ሌላ ነው። ሰውነቱ ከተማረው ምን ያህሉ እንደቀረለትም አይታወቅም። የሱ ሞት ስንት እጁ የዘር፣ ስንት እጁ የመዘግየት እንደነበር የሚነግርሽ ሐኪም ካለ አትመኚው።"

አመሰገንኳት፤ ሄደች። ዮዲት ጫማውን ከጉልበቷ አንሥታ ወንበሩ ሥር አስቀመጠችው።

"እስኪ አሁን ቀለለሽ?" አለችኝ በአማርኛ።

"አልቀለለኝም።"

"ጥሩ።"

ወደ ቤት ስንመለስ ሜትሮ ውስጥ የሴቶቹ ፉርጎ ግማሽ ባዶ ነበር። ሁለታችንም ተቀመጥን፤ በመሀላችን አንድ ወንበር ተወች። በማግሥቱ ተፈተነች። ሐሙስ ዕለት ለታከለ የሾርባ ፔርሙዝ ስሞላ መጥታ ክዳኑን ያዘችልኝ፤ አላናገረችኝም።

ዓርብ የጠያቂ ቀን ነበር። ታከለ ዐይኑ ገና ቢጫ ነው፤ ጉንጩ ገብቷል፤ አእምሮው ግን ተመልሷል። ማቲያስ ብርቱካን ይዞ መጥቷል። ሙላው እንደ ልማዱ ከበሩ ጀምሮ እየተናገረ ገባ።

"ወባው! በገዛ ስምህ ተያዝክ?"

ሰዎቹ ሳቁ፤ አጠገቡ የተኛው ግብፃዊ በሽተኛ እንኳ ሳቅ አይቶ ፈገግ አለ። ታከለም ሳቀ፤ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ። "ምን ላድርግ፣ ስም ያወጣችሁልኝ እናንተ" አለ።

"ቆይ እሺ፣ በር ላይ ምን አልካቸው ዘንድሮ? ኮሮና አለብኝ?"

እንደገና ሳቁ። ዮዲት መስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበር። አልሳቀችም። እኔን እያየች ነው። ሊነገረኝ የሚገባው ሁሉ ከማክሰኞ ጀምሮ እዚያ ዐይን ውስጥ ነበር፤ አሁንም ትጠብቃለች።

ሾርባውን የያዘው ማንኪያ እጄ ላይ ነበር። አስቀመጥኩት።

"ሙላው" አልኩ፤ "ወባ በላቸው ያልኩት እኔ ነኝ። ዋሲሁንን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ደወለልኝ፤ በስልክ የነገርኩት እኔ ነኝ። እሱ ያልኩትን ነው የደገመው። ለቅሶ ቤት ስትናገር ሰምቼ ዝም አልኩ። ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ስም የሚጠራ ካለ እኔን ይጥራ።"

ማቲያስ የላጠውን ብርቱካን ለማን እንደሚሰጥ ጠፋው። ሙላው አፉ ተከፍቶ ቀረ፤ በሕይወቴ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

"ተዪ እንጂ ከፍያለች" አለ ታከለ።

"አልተውም። የኔን ተሸክመህ ኖረሃል።"

"የሷን የተሸከምኩ ይመስላታል" አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለዮዲት። ትራሱ ላይ ቀና ለማለት ሞከረ፤ ሄዳ ደገፈችው። "እናትሽ በስልክ ሁለት ነገር ነው ያለችኝ። 'ወባ ነው በላቸው' አለች። 'ደም ይውሰዱ በላቸው' አለች። ሁለት ነገር። የመጀመሪያውን አልኩ። ሁለተኛውን አላልኩም።"

ረስቼው ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ አንዱን ቃል ሳመላልስ ሌላውን ማለቴን ረስቼው ነበር።

"ለምን አላልክም?" አለች ዮዲት።

"ዓረብኛውን አላውቀውማ፤ የኔ ዓረብኛ የካውያና የልብስ ነው። ደምን በነሱ ምን ይሉታል ብዬ ቆምኩ። ሐኪሙ ይጠብቀኛል፤ ከኋላዬ ሰልፍ አለ፤ አባትሽ ትከሻዬ ላይ ነው። አፈርኩ። አለማወቄን እንዳያውቁብኝ ብዬ ዝም አልኩ።" ትንፋሽ ወሰደ። "ከአርባው በኋላ ሥራ ቦታ እጄን መቀስ ቆረጠኝና ደማ። ጓደኛዬ፣ ግብፃዊው፣ 'ደም! ደም!' ብሎ ጮኸ። በነሱም ደም ደም ነው፣ ዮዲ። ያው ነው። አንድ ነው ቃሉ። ዝም ብዬ በአማርኛ ብናገረው ይሰሙኝ ነበር። እኔ ወባው ሲሉኝ አቤት የምለው ለዚህ ነው፤ ለናትሽ ብዬ አይደለም።"

ዮዲት እጇን ከትከሻው ሥር አላወጣችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ማልቀሷን ያወቅሁት በጀርባዋ ነው። እኔ አላለቀስኩም። ተነሥቼ አጠገቧ መቆም ፈለግሁ፤ ግን ገና እንዳልተፈቀደልኝ ዐውቄ በቦታዬ ቀረሁ።

በሩ ተከፈተና ነርሷ በትሪ መርፌና ብልቃጥ ይዛ ገባች። የተሰበሰበውን ሰው ገረመመችና አልጋው ድረስ መጥታ፣

"ደም፣ ያ ዓም ታከለ" አለች።

ማንም አልተረጎመለትም። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋላት።